መሪዋ በቀኝ ነው

የካቲት 2

ምን ነካኝ? ዛሬ መኪና ገዛሁ። ጤነኛ መኪና ቢሆን አንድ ነገር ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ አፍንጫዋ የረዘመ፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ የድሮ እንግሊዝ ሠራሽ ስፖርት መኪና! የጥርስ ሐኪሙ ጓሮ ውስጥ በላስቲክ ተሸፍና ነበር። ላስቲኩን ሲገልጠው ከወንበሯ ላይ ዶሮ እየጮኸች ተነሣች፤ እኔም ጮህኩ። ዶሮዋ ከተነሣችበት ሦስት እንቁላል ተገኘ። ሐኪሙ እንቁላሉን መርቆ ሸጠልኝ።

ዕድሜ ልኬን የሰው አውቶቡስ ነዳሁ። ስልሳ ሰው ከኋላዬ ያስነጥሳል፣ ይጣላል፣ ይተኛል፣ "ወራጅ አለ!" ይላል። ጡረታ ሳልወጣ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ወራጅ የሌለበት መኪና ልንዳ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይህን ደብተርም የያዝኩት ለእሷ ነው፤ ምን እንደተፈታ፣ ምን እንደታሰረ ልጽፍበት።

በገመድ አስጎትቼ ሳስገባት የግቢያችን በር ምሰሶ ግራ ጎኗን ላጠው። ክው አልኩ። እኔ፣ ያን የሚያህል አውቶቡስ በመርፌ ቀዳዳ የማሾልከው ሰውዬ! መሪዋ በቀኝ ስለሆነ ነው። ግራዋ የት እንደሚያልቅ ገና አልለመድኩም።

ባለቤቴ እጇን እያደራረቀች ወጣች። አንዴ ዞረቻት። ከዚያ ወንበሮቹን በጣቷ ቆጠረች።

"አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው የት አለ?"

"የለም።"

"እና አንተና ልጅህ ስትንሸራሸሩ እኔ ኮፈኑ ላይ ልንጠለጠል?"

ልጃችን በሳቅ ፈነዳች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቆቅ ነው የምንላት፤ ምንም ነገር አያመልጣትም። ሶፋ ቤት ነው የምትሠራው፤ ወንበር ታለብሳለች፣ የሱቁን ፒካፕ እየነዳችም ለደንበኛ ታደርሳለች። ሳቋን ስትጨርስ፣ "አባዬ፣ ምሰሶውን ግን አላየኸውም?" አለችኝ።

አይቼዋለሁ አልኳት።

የካቲት 6

ብሎን መጣ። መካኒክ ነው፤ ኪሱ ብሎን ስለማያጣ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። መፍቻ ቁልፎቹን ሁሉ ዘርግፎ ቢሞክር አንዱም አልገጥም አለው። ራሱን ያዘ። "ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ በኢንች ነው የተሠራችው! የኔ ሁሉ በሚሊሜትር ነው።" አንዱን ቁልፍ በሞረድ ሲያሰፋ ዋለና አራት ብሎን ፈታ። ዛሬ የተሠራው ሥራ ይኸው ነው።

አንዱ ብሎን ወደቀብኝና ስፈልግ ቆየሁ። "ጫማህ ጎን እኮ ነው ጋሼ" ይለኛል። መጋዘኑ ጨለማ ነው። አምፖል መቀየር አለበት።

የካቲት 10፣ ከሥራ መልስ

ፉጨት የምንለው ረዳቴ ሊያሳብደኝ ነው። ድሮ የሚያፏጨው ለመነሻና ለመቆሚያ ብቻ ነበር። አሁን በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጠዋት የጀመረውን ማታ ነው የሚያቆመው። "በቀኝ ብስክሌት አለ ጋሼ! በግራ ሞተር እየገባ ነው! ሴትዮዋ ልትሻገር ነው፣ ያዝ ያዝ!" ዛሬ ደሜ ፈላና፣ "አንተ፣ እኔ ነኝ የምነዳው አንተ?" አልኩት።

"አንተ ነህ ጋሼ" አለ። ወዲያው ደግሞ፣ "በቀኝ ሕፃን" አለ።

ሕፃኑ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

የካቲት 17

ጉድ ፈላ። ብሎን ከበሩ ሥር ያለውን የመኪናዋን የጎን ብረት በጣቱ ነካ ቢያደርገው ጣቱ በወዲያ በኩል ወጣ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ላዩ ቀለም ነው፤ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፤ ስቱኮው ሲነሣ ከሥሩ ብረት የለም። የወጣው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የተጠቀጠቀ የአልጋ ልብስ። አበባ ያለበት! አንዱ ጉደኛ በአልጋ ልብስ ደፍኖ፣ ለስኖ፣ ቀብቶ ሸጧታል።

"ዝገት ከጎን ነው የሚጀምረው" አለ ብሎን። "መሀሏ እኮ ደህና ነው፤ እየው፣ እንደ አዲስ ነው። ጎን ጎኑን በልቶ በልቶ ቀስ እያለ ወደ መሀል ይመጣል። ባለቤቱ አያውቅም። መኪናዋ ትሄድለታለቻ!"

እንዴት አያውቅም? የገዛ መኪናው ጎኗ ተበልቶ እያለቀ እንዴት አንድ ሰው ሳያውቅ ይነዳል? ሲገርመኝ አመሸሁ። በያጅ ይመጣል፤ ሁለቱም ጎን ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይሠራል።

ቆቅ ወንበሮቹን ፈትታ ሶፋ ቤት ወስዳቸዋለች። የዶሮ ላባ አሁንም እየወጣ ነው።

የካቲት 21

ባለቤቴ ምን እንደነካት እንጃ። የደረጃዎቹን ጠርዝ በሙሉ ነጭ ቀለም ቀባቻቸው። ለምን ቢሏት፣ "ያምራል" አለች። አያምርም። በረንዳው ላይ የነበረችውን በርጩማም አንሥታታለች፤ ሁለት ቀን በተከታታይ ስለተደናቀፍኩባት ይሆናል። ሻይ ስትሰጠኝም ጎኔ አስቀምጣ አትሄድም፤ ፊት ለፊቴ ታመጣና እጄ እስኪይዘው ትጠብቃለች። እንደ በሽተኛ! ቆሽቴ አረረ፤ ግን ሻዩን ተቀበልኳት። ባለፈው ሳምንት ብርጭቆውን በክርኔ መትቼ የጣልኩት እኔ ነኝ። የት እንዳስቀመጠችው አልነገረችኝማ።

የካቲት 27

ፉጨት ታሟል። ጉንፋን ነው አሉ። ስምሪት ክፍሉ የሰጠኝ ረዳት ዲዳ ይመስል አንድ ቃል አይወጣውም፤ ሒሳብ ይሰበስባል፣ በር ይዘጋል፣ በቃ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ሰላም አገኘሁ ብዬ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ የአውቶቡሱ የቀኝ መስታወት ከመብራት እንጨት ጋር ተላትሞ ብትንትኑ ወጣ። ተሳፋሪው ጮኸ። በዚያ መንገድ በቀን ስምንት ጊዜ እመላለሳለሁ። እንጨቱን ወደ መንገድ አስጠግተውት ይሆን? ወርጄ አየሁት። ሥሩ የበቀለው ሣር የዛሬ አይደለም።

ዲዳው ረዳት ያኔ አፉ ተከፈተ። "አላየኸውም እንዴ?"

ፉጨት ቶሎ ይዳን።

መጋቢት 4

የመንጃ ፈቃድ እድሳት ምርመራ ለሚያዝያ ተቀጥሮልናል። ሾፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ የተለመደው ትምህርት ተጀመረ። ለማያውቅ ሰው ልጻፈው። ዓይን የሚፈተንበት ሰሌዳ ላይ ሹካ የሚመስሉ ምልክቶች አሉ፤ ጥርሱ ወዴት እንደዞረ ነው የምትናገረው፣ ላይ ወይ ታች፣ ቀኝ ወይ ግራ። የምርመራ ክፍሉ ሰሌዳ ተቀይሮ ስለማያውቅ በመሥሪያ ቤታችን "መንገዱ" ይባላል። አዲስ ሾፌር ሲቀጠር የአውቶቡሱን መስመርና "መንገዱን" አብሮ ያጠናል። "ላይ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ ታች። ግራ፣ ላይ፣ ታች፣ ግራ።" አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል፤ የተሳሳተ ሰው ምሳ ይጋብዛል። ማንም ዓይኑን አሞት አይደለም። ለጥንቃቄ ነው።

ዛሬ እኔ አንድም ሳልስት ወጣሁ። ለነገሩ ባላጠናውም አየዋለሁ። ፊት ለፊቴ ያለ ነገር መቼ ስቼ አውቃለሁ? ጋዜጣ ያለ መነጽር ነው የማነበው።

መጋቢት 12

ተነሣች! እንግሊዟ ተነሣች! መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጭስ በብሎን ፊት ላይ ተፋች፤ ከዚያ እንዲህ ዓይነት ድምፅ አወጣች፣ ወገቤን ነዘረኝ። ጎረቤት በአጥር ብቅ ብቅ አለ። ባለቤቴ ጆሮዋን ይዛ፣ "ይኼ ሁሉ ጩኸት ለሁለት ሰው ነው?" አለች።

ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለው ካርቡራተሯ ሁለት ነው፤ ሁለቱ እኩል ካልተነፈሱ ትንቀጠቀጣለች። ብሎን መሣሪያ የለውም። ቀጭን ጎማ ቆርጬ አንዱን ጫፍ ጆሮዬ ላይ፣ ሌላውን አንደኛው ካርቡራተር አፍ ላይ አደረግኩ፤ ከዚያ ሁለተኛው ላይ። አንዱ "ሽሽሽ" ይላል፣ ሌላው "ፍፍፍ"። በካቻቢቴ ትንሽ ትንሽ እያዞርኩ አንድ ዓይነት እስኪሆኑ ሠራኋቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሠራሁት፤ እንደዚያ ይሻላል። ብሎን፣ "ጋሼ፣ ጆሮህን አከራየኝ" አለ።

ዛሬ ደስ ብሎኛል። በጣም ደስ ብሎኛል። ይኸው ጻፍኩት።

መጋቢት 16፣ ማታ

በያጁ ጎኖቿን ስለጨረሰ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መንገድ ላይ ወጣን። እኔ በቀኝ መሪው ጋ፣ ቆቅ በግራ፤ ወንበሮቿ ከሶፋ ቤት ገና ስላልመጡ ሁለት የእንጨት ወንበር አስረን ነው። ከኋላ ነፋስ፣ ከላይ ሰማይ፣ ወራጅ የለ፣ ፉጨት የለ። ሰው ሁሉ እየዞረ ያያል።

ችግሩ ቀድሞ ማለፍ ነው። ሾፌሩ በመንገዱ ጠርዝ በኩል ስለሚቀመጥ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ይጋርደዋል፤ ከወዲያ የሚመጣውን የሚያየው በግራ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ ቆቅ ትነግረኛለች። "ቆይ!" ስትል እቆያለሁ፣ "ግባ!" ስትል እገባለሁ። ይህ የእኔ ጥፋት አይደለም፤ እንዲህ ያለ መሪ ያለው መኪና የሚነዳ ሁሉ ሰው ያስፈልገዋል። ተመችቶኝ ነበር፤ እውነት ለመናገር፣ ከአውቶቡሱ ይልቅ ተመችቶኝ ነበር።

ወደ ቤት መታጠፊያው ላይ ግን ቆቅ "አባዬ ብስክሌት!" ብላ መሪዬን በእጇ ያዘች። ፍሬን ረገጥኩ። ብስክሌተኛው የመኪናዋን ጎን በመዳፉ ጠፍጥፎ፣ ሰድቦኝ ሄደ። ከየት መጣ? መንገዱ ባዶ ነበር። እምላለሁ፣ ባዶ ነበር።

"መሪው በቀኝ ስለሆነ ነው" አልኳት።

"ብስክሌቱ እኮ በቀኝ በኩል ነው የመጣው" አለች።

መጋቢት 17

ኩሽና ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ጆሮዬ ደህና መሆኑን ረስተውታል።

"እስከ መቼ ነው የምናባብለው?" ይህች ቆቅ ናት።

"ራሱ ይንገረኝ ብዬ ነው" አለች እናቷ። "የሰውየው ኩራት መሪው ላይ ነው። ያን ከወሰድሽበት ምን ይቀርለታል?"

ስገባ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመሩ። እኔም ስለ ሽንኩርቱ ጠየቅኳቸው።

መጋቢት 25

አልችልም።

ቆቅን ገጨሁ።

መጋቢት 26

ደህና ናት። ሁለት የእግር ጣት። ተሰብሯል፣ ታስሯል። ሐኪሙ፣ "መኪናዋ ቀላል ባትሆን ኖሮ…" አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም።

እህል አልበላሁም። ባለቤቴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

መጋቢት 27፣ ማታ

መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ ሌላ ታሪክ እነግራለሁ። ራሴን አውቃለሁ።

ግቢ ውስጥ ነን፤ በጠራራ ፀሐይ። ቆቅ የተለበሱትን ወንበሮች ይዛ መጥታለች፤ ወይን ጠጅ ቆዳ፣ ስፌቱ እንደ መስመር ቀጥ ያለ፤ እንዲህ ያምራል አላልኩም ነበር። አንዱን ገጠምነው። ሁለተኛውን ልትገጥም መኪናዋን ትንሽ ወደፊት ላንቀሳቅስላት ገባሁ። እያወራችኝ ነበር። ስለ ክሩ ነው፤ ሁለት ጊዜ እንደተበጠሰባት፣ አሠሪዋ እንደሳቀባት። እኔም እየመለስኩላት ነበር፤ "ታዲያ ወፈር ያለ ክር አትጠቀሚም?" አልኳት። ይህን እያልኩ ማርሽ አስገባሁና ለቀቅኩ።

ጩኸቷን ሰማሁ። ወንበሩ ጎማው ሥር ሲንጫጫ ሰማሁ። ዘልዬ ስወርድ ግራ ጎማው አጠገብ ወድቃለች።

"ከየት መጣሽ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ መሬት ላይ ወድቃ እኔ እጮህባታለሁ! "ከየት መጣሽ?"

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ እየወረደ፣ ግን ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው።

"አባዬ፣ እዚሁ ነበርኩ። እያወራሁህ እኮ ነው።"

በምን ላሳብብ? መሪው በቀኝ ነው? መጋዘኑ ጨለማ ነው? ድምፅዋ ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ እሷ ግን አልነበረችም። ባዶ ግቢ ነው ያየሁት። ፀሐዩን አየሁ፣ በሩን አየሁ፣ ልጄን አላየሁም።

ሕፃኑ። እንጨቱ። ብስክሌቱ። ሁሉም እዚያው ነበሩ ማለት ነው።

ሚያዝያ 1

ዓይን ሆስፒታል። ቆቅ በክራንች እያነከሰች እሷ ናት እኔን የወሰደችኝ፤ አላሳዝንም?

ፊቴን ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አስገቡኝ፤ እጄ ላይ የደወል መጫኛ የመሰለ ነገር ሰጡኝ። ነርሷ፣ "መሀል ያለችውን ነጥብ ብቻ ይዩ አባቴ። በየትም በኩል ብርሃን ብልጭ ሲል ይጫኑ" አለችኝ። እሺ አልኩ። ጠበቅኩ። መሀል አካባቢ አንዷ ብልጭ አለች፤ ተጫንኩ። ሌላም፤ ተጫንኩ። ከዚያ ምንም የለም። ጠበቅኩ። ማሽኑ ውስጥ "ጠቅ፣ ጠቅ" የሚል ድምፅ ይሰማኛል፣ ብርሃን ግን የለም። ትዕግሥቴ አለቀና፣

"እኅቴ፣ ማሽኑ ተበላሽቷል መሰለኝ" አልኩ።

"አልተበላሸም አባቴ። ይቀጥሉ።"

ቆቅ ከነርሷ አጠገብ ቆማ የማሽኑን መስኮት ታይ ነበር። ጨርሼ ቀና ስል ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ነው የገባኝ። "ጠቅ" ባለ ቁጥር ብርሃን ነበር።

ምሰሶው መኪናዋን ሲልጣት ክው አልኩ ብዬ ጽፌ ነበር እዚህ ደብተር ላይ። ዛሬ ቃሉ አነሰኝ።

ሚያዝያ 2

ሐኪሟ ወረቀቱን ፊት ለፊቴ አደረገችው። ጥቁር። መሀሉ ላይ ትንሽ ነጭ፣ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ። ሁለቱም ዓይን እንደዚያ ነው፤ ግራው ይብሳል። የዓይን ግፊት ነው፣ ዓመታት የፈጀ ነው፣ አያምም፣ ከጎን ጀምሮ ወደ መሀል ይበላል አለች። ጠብታው የቀረውን ያቆይልኛል፤ የሄደው አይመለስም።

"እንዴት አላወቅኩም?" አልኳት።

"ጥቁር ሆኖ አይታይም እኮ። አእምሮዎ ቀዳዳውን ራሱ ይሞላዋል። ምንም የጎደለ አይመስልዎትም።"

ስቱኮ፣ አልኩ በልቤ። አበባ ያለበት የአልጋ ልብስ።

"ሥራዎ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ጡረታ ልወጣ ነው" አልኳት። ይህ አንደበቴ! ቆቅ አየችኝና፣ "ሾፌር ነው፤ የአውቶቡስ" አለች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

ሚያዝያ 8

ፉጨት ሊጠይቀኝ መጣ፤ ብርቱካን ይዞ። የዓመት ፈቃድ ላይ መሆኔን ነው የሚያውቀው ብዬ ነበር። ባለቤቴ ወጣ ስትል ወንበሩን አስጠጋ።

"ጋሼ፣ ሰሌዳው ተቀይሯል። አዲስ ነው የሰቀሉት። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ግን ትናንት አግኝተውታል፤ አምጥቼልሃለሁ።" ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደው ጀመር። "ቀኝ፣ ታች፣ ታች፣ ላይ…"

"ፉጨት" አልኩት። "ታውቃለህ እንዴ?"

ብርቱካኑን መላጥ ጀመረ። "ሁለት ዓመቴ ነው ጋሼ።"

ሁለት ዓመት! ያ ሁሉ "በቀኝ ብስክሌት፣ በግራ ሞተር"። እኔ ወሬኛ ነው እያልኩ በየቤቱ ሳማው ነበር።

"ጉንፋን የያዘኝ ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም" አለ። "ስታልፍ አብሬህ አለሁ። ዓይንህ እሆናለሁ፣ እስከዛሬ ሆኜም የለ? ሦስት ዓመት ነው የቀረህ። ማን ያውቃል?"

እንዲህ የሚወደኝ ሰው አለኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። አመሰግንሃለሁ አልኩት፤ እሺም እምቢም አላልኩትም። ብርቱካኑን በላን።

ስልሳ ሰው። የኔ ልጅ ያወራችኝ ነበር፤ ድምፅዋን እየሰማሁ ነው የገጨኋት። የሰው ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚሻገረው።

ግን እኮ ነገ ብሄድ አልፋለሁ። ሳላጠና አልፋለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሚያዝያ 13

ሄድኩ። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ ሰጠችኝ እንጂ ምንም አልጠየቀችኝም።

መርማሪው ሽማግሌ ሐኪም ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ያየኛል። ቀና ሳይል በበትሩ ሰሌዳውን ነካ። ተናገርኩ። ከላይ እስከ ታች፣ የመጨረሻዋን ደቃቅ መስመር ጭምር። ፉጨት የወረደልኝን ሆን ብዬ አልሰማሁትም ነበር፤ አይቼ ነው ያነበብኩት። በቁልፍ ቀዳዳዬ፣ አንድ በአንድ፣ ጥርት አድርጌ።

"ጎረምሳ ነህ አንተ" አለና ማኅተሙን አነሣ።

ያ ማኅተም ወረቀቱ ላይ እስኪያርፍ የነበረው ጊዜ፣ እንዴት ልበለው። አሳርፈው፣ አሳርፈው እያልኩ ነበር። ከዚያ አንደበቴ፣ ያ ቀጣፊ አንደበቴ፣ ሳልጠይቀው፣

"ቆይ ዶክተር" አለ።

"ምነው?"

"ይህ ሰሌዳ ፊት ለፊት ነው። እስቲ እባክዎ ከጎኔ ይቁሙና ጣትዎን ያሳዩኝ። ስንት እንደሆነ ልንገርዎ።"

ሳቀ። ተነሣ። የጫማው ድምፅ በግራዬ መጥቶ ቆመ። እኔ ፊት ለፊት ሰሌዳውን እያየሁ ጠበቅኩ። ውጪ ሰው ያወራል። የሰዓቱ ድምፅ ይሰማል። ጠበቅኩ።

"ጀመሩ እንዴ ዶክተር?" አልኩ።

ዘወር ብል አምስቱንም ጣት ዘርግቶ፣ እጁ ከጆሮዬ አንድ ክንድ አይርቅም፣ ፊቱ ወረቀት መስሏል።

ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ መለሰው። እኔም መንጃ ፈቃዴን ከደረት ኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። የዚያ ደረጃ ጠርዝ ነጭ አልተቀባም።

ግንቦት 3

የአውቶቡሱን ቁልፍ አስረከብኩ። ጠብታ በቀን ሁለቴ። እንግሊዟን ልሽጥ አልኩ። ባለቤቴ፣ "ሽጣትና እንተያያለን" አለች።

ግንቦት 24

የቆቅ እግር ድኗል። የተፈጨውን ወንበር ደግማ አለበሰችው፤ ከመጀመሪያው ይበልጣል። ብሎን ሸራዋን ገጠመ፣ እኔ ካርቡራተሮቿን በጎማዬ አዳምጬ አስተካከልኩ።

ዛሬ መጀመሪያ የተሳፈረችው ባለቤቴ ናት። ሦስተኛ ወንበር የት አለ ያለችው ሴት! ልጅቷ መሪው ጋ፣ እናት በግራ፣ ፀጉሯን በሻርፕ አስራ ዞረው ዞረው መጡ። ስትወርድ ጉንጯ ቀልቷል። "በል ውጣ፣ ወራጅ ነኝ" አለችኝ።

ገባሁ። በግራ። ይህ ነገር ይገርማል፦ ዕድሜዬን ሙሉ የተቀመጥኩት በዚህ በኩል ነው። ፊት ለፊቴ ግን መሪ የለም፤ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል፣ እጄ ማርሽ ይፈልጋል፤ ያለው ባዶ ወለል ነው። ቆቅ አየችኝና ነዳች።

መገናኛው ላይ ቆም ስንል ጆሮዬ ሥር ድምፅ መጣ።

"ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ። መንጃ ፈቃድ።"

ትራፊክ ፖሊስ። ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ እዚያው ነበር ማለት ነው። እጄ ራሱ ወደ ደረት ኪሴ ሄደ። ባዶ ነው። ሁለቱን እጆቼን አንሥቼ አሳየሁት፣ ከዚያ ፊቴ ያለውን ባዶ ቦታ። ሰውየው መሪ ፈለገ፣ አጣ፣ ደነገጠ፤ እንዲያ ሲደነግጥ ያየሁት ሰው የለም።

"ሾፌሯ እሷ ናት" አልኩት።

ቆቅ ከወዲያ ጫፍ ፈቃዷን ዘርግታ ትስቃለች። እሱም ሳቀ። እኔም፣ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ።

ከከተማ ስንወጣ ከፊታችን አሸዋ የጫነ መኪና እየተንፏቀቀ ነበር። ቆቅ ወደ እኔ ዘንበል ብላ፣ "አባዬ፣ አይታየኝም። ልግባ?" አለችኝ።

እኔን! ልጄ፣ ያችን እግር ይዛ፣ እኔን ትጠይቀኛለች!

አንገቴን አወጣሁ። ጎን ጎኑን አላውቅም፤ መንገዱ ግን ቀጥ ያለ ነው፣ ሩቅ ያለ ነገር ደግሞ ቀዳዳዬ ውስጥ ይገባል። መጨረሻው ላይ አንድ ነጥብ አየሁ። ነጥቧ አደገች። አውቶቡስ።

"ቆዪ" አልኳት።

ቆየች። አውቶቡሱ በእኔ በኩል እየተናወጠ አለፈ። የኛ መሥሪያ ቤት ነው። ሾፌሩን አላየሁትም፤ በሩ ላይ የተንጠለጠለውንም አላየሁትም። ፉጨቱን ግን ሰማሁት፤ ረጅም ነው፣ እስኪርቅ አላቋረጠም።

መንገዱን እንደገና አየሁ። ደግሜ አየሁ። ባዶ ነው፤ የእውነት ባዶ።

"አሁን ግቢ።"

ገባች።